የማይዝገውም ይደክማል፤ ስለ አሮጌ የአሉሚኒየም ኮርስ ብስክሌት

ባሕር ዳርን በመሰሉ ሜዳማ ከተሞች ብስክሌት የቅንጦት ዕቃ አይደለም። ተማሪው ወደ ትምህርት ቤት፣ ሠራተኛው ወደ ሥራው፣ በከተማ ዳርቻ የሚኖረው አርሶ አደርም ወደ ገበያ ይሄድበታል። አብዛኞቹ ከባድ የብረት ብስክሌቶች ናቸው። አልፎ አልፎ ግን በውጭ ሀገር አገልግለው ከሚመጡት መካከል መሪው ወደ ታች የተጠማዘዘ፣ ጎማው እንደ ጣት የቀጠነ፣ ቧንቧዎቹ ደግሞ ከተለመደው የወፈሩ አንድ ብስክሌት ይገኛል። መልኩ ከባድ ይመስላል፤ በአንድ እጅ ሲያነሡት ግን ብድግ ይላል። ክብደቱ ከ8 እስከ 10 ኪሎ ግራም ገደማ ነው። የዕለት ሥራ የምንሠራበት የብረት ብስክሌት 15 ኪሎ ግራምና ከዚያም በላይ ይመዝናል።

ይህ የአሉሚኒየም ኮርስ ብስክሌት ነው። ለይቶ ለገዛውና በወጉ ለያዘው ሰው ከዋጋው በላይ ያገለግላል። ነገር ግን አሉሚኒየም እንደ ብረት አያረጅም፤ እንደ ብረትም አይጠገንም። በብረት ብስክሌት ላይ የለመድነውን ዕውቀት እንዳለ ወደዚህኛው ማዛወር ከገንዘብ አልፎ አካልን ያስከፍላል።

አሉሚኒየም ከብረት ይልቅ በጣም ቀላል ነው። አንድ ሊትር የሚያህል ብረት 7.8 ኪሎ ግራም ሲመዝን፣ ያንኑ የሚያህል አሉሚኒየም 2.7 ኪሎ ግራም ብቻ ይመዝናል። ችግሩ ግትርነቱም የብረትን አንድ ሦስተኛ ያህል መኾኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ የጣሊያኑ አላን፣ ቆይቶም የፈረንሳዩ ቪቱስ ከቀጭን የአሉሚኒየም ቧንቧ በማጣበቂያ የተገጣጠሙ ብስክሌቶችን ሠርተው ነበር። ብስክሌቶቹ ቀላል ቢኾኑም ጉልበተኛ ጋላቢ ፔዳሉን አጥብቆ ሲረግጥ ይለመጡ ነበር። የአየርላንዱ ሾን ኬሊ ብዙ ድሎችን በቪቱስ ብስክሌት መቀዳጀቱ ግን መለመጡ ለማሸነፍ ያን ያህል እንቅፋት እንዳልነበረ ይመሰክራል።

መፍትሔው ከአሜሪካ መጣ። ጌሪ ክላይን በ1970ዎቹ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ተማሪ ሳለ የጀመረው፣ ካነንዴል የተባለው ኩባንያም ከ1983 ወዲህ በሰፊው ለገበያ ያቀረበው ሐሳብ ቧንቧውን ማወፈር ነበር። ቀርከሃን የሚያውቅ ሰው ነገሩ አይጠፋውም፤ ውስጡ ባዶ የኾነ ወፍራም ቀርከሃ ክብደቱ ከእርሱ እኩል ከኾነ ቀጭን ዱላ ይልቅ አይታጠፍም። የቧንቧው ግድግዳ ሳይለወጥ የቧንቧው ስፋት እጥፍ ቢኾን ግትርነቱ ወደ ስምንት እጥፍ ይጠጋል። በዚህ መንገድ አሉሚኒየም በ1990ዎቹ የታላላቅ ውድድሮች ብረታ ብረት ለመኾን በቃ። ጣሊያናዊው ማርኮ ፓንታኒ በ1998 ቱር ደ ፍራንስን ያሸነፈው በአሉሚኒየም ቢያንኪ ነው። ከዚያ በኋላ የካርቦን ዘመን መጣ። ጽጋቡ ግርማይ በ2016 በቱር ደ ፍራንስ የተሳተፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሲኾን፣ ታላላቆቹ ቡድኖች ካርቦንን የሙጥኝ ካሉ ቆይተው ነበር።

ስለዚህ የ1990ዎቹና የ2000ዎቹ የአሉሚኒየም ብስክሌቶች የረከሱት ጉድለት ስለተገኘባቸው አይደለም። ፋሽን አለፈባቸው እንጂ። ይህ ለገዥ መልካም ዜና ነው።

ጥንቃቄው የሚጀምረው ከዚህ ነው። ሽቦን መቁረጥ ፈልጎ ጉጠት ያጣ ሰው ሽቦውን ወዲያና ወዲህ ደጋግሞ ያጥፈዋል፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሽቦው ይበጠሳል። ባለሙያዎች ይህን ድካም ይሉታል። ብስክሌትም ጎማው ጉድጓድ በመታ፣ ጋላቢው ፔዳል በረገጠ ቁጥር በዓይን የማይታይ መታጠፍ ይታጠፋል። ብረት ጫናው ከተወሰነ ልክ እስካላለፈ ድረስ ሚሊዮን ጊዜ ቢደጋገምበትም ሊችለው ይችላል። አሉሚኒየም ግን እንዲህ ያለ ወሰን የለውም። እያንዳንዱ ጫና፣ ትንሽም ቢኾን፣ ከቀድሞው ላይ ይደመራል። መሐንዲሶች ይህን ስለሚያውቁ ቧንቧውን ከሚያስፈልገው በላይ አጠንክረው ይሠሩታል፤ ስለዚህ የሃያ ዓመት ብስክሌት ገና ብዙ ዕድሜ ሊቀረው፣ የአምስት ዓመቱ ደግሞ ሊያልቅበት ይችላል። ዕድሜውን ከሻጩ አፍ ከመስማት ራስን ብስክሌቱን ማንበብ ይሻላል።

ለማንበብ አስቀድሞ ማጠብ ያስፈልጋል። ቆሻሻ ስንጥቅን ይሸፍናልና ጭቃ በለበሰ ብስክሌት ላይ መዋዋል ተገቢ አይደለም። ከታጠበ በኋላ በፀሐይ ብርሃን ገልብጦ አራት ቦታዎችን በትዕግሥት ማየት ይገባል። የመጀመሪያው ከመሪው ሥር፣ ወደ ታች የሚወርደው ወፍራም ቧንቧ የሚበየድበት ነው። ሁለተኛው ፔዳሎቹ የሚዞሩበት እንብርት ዙሪያ፣ ሦስተኛው የኋላው ቸርኬ የሚታሰርባቸው ጫፎች፣ አራተኛው ደግሞ የኮርቻው ዘንግ የሚገባበት ስንጥቅ ያለ አፍ ነው። ይህ የመጨረሻው በፋብሪካ የተሰነጠቀ ስለኾነ ራሱ ስንጥቁ አያስፈራም፤ የሚያስፈራው ከስንጥቁ ግርጌ ተነሥቶ ወደ ጎን የሚሄድ እንደ ፀጉር የቀጠነ መስመር ነው።

ጭረትን ከስንጥቅ ለመለየት ጥፍርን በላዩ ላይ ማሳለፍ ይረዳል፤ ያረጀ ጨርቅም በስንጥቅ ጠርዝ ላይ ክሩ ይያዛል። ቧንቧ መሐል ላይ የሚታይና የሚያጠራጥር መስመር ካለ ጫፎቹን በእስክርቢቶ ምልክት አድርጎ ቀኑን መጻፍ ይቻላል። ጭረት ባለበት ይቀራል፤ ስንጥቅ ግን ያድጋል። መስመሩ ብየዳው አጠገብ ከኾነ ግን ምልክትና ቀጠሮ አያስፈልገውም፤ ብስክሌቱን አለመንዳት ነው። ቀለሙ ያበጠበት፣ ሲፋቅም ነጭ ዱቄት የሚወጣበት ቦታም የአሉሚኒየም ዝገት ነው። ቀይ ስላልኾነ ብዙዎች ዝገት አይመስላቸውም።

ሲነዱት የሚንቋቋ ድምፅ ሁሉ የስብራት ምልክት አይደለም። ብዙ ጊዜ ግራሶ ያጣ የኮርቻ ዘንግ ወይም የላላ ፔዳል ነው። እነርሱ ተፈትተው፣ ተወልውለው፣ ግራሶ ተቀብተው ከታሰሩ በኋላም ድምፁ ካልጠፋ ግን እንደገና በፀሐይ ብርሃን ማየት ግድ ነው።

ስንጥቅ ሲገኝ የብዙዎቻችን የመጀመሪያ ሐሳብ ወደ በያጅ መውሰድ ነው። ለብረት ብስክሌት ይህ ትክክል ነው፤ ጥሩ በያጅ ለዓመታት የሚያገለግል ጥገና ይሠራል። አሉሚኒየም ግን ሌላ ጠባይ አለው። ላዩን የሚሸፍነው ስስ ሽፋን ከ2 ሺህ ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ካልኾነ አይቀልጥም፤ ውስጡ ያለው አሉሚኒየም ግን በ660 ዲግሪ ገደማ ይቀልጣል። በመኾኑም በተለመደው የብየዳ መሣሪያ ሽፋኑ ሳይለቅ ቧንቧው ይፈስሳል። ልዩ መሣሪያ ያለው በያጅ ቢገኝ እንኳ ዋናው ችግር አይፈታም። ለብስክሌት በብዛት ከሚውሉት ቅይጦች አንዱ የኾነው 6061 ጥንካሬውን የሚያገኘው ከብየዳ በኋላ መላው ፍሬም ከ500 ዲግሪ በላይ በኾነ ምድጃ ገብቶ፣ ወዲያው ቀዝቅዞ፣ ከዚያም በለዘበ ሙቀት ለሰዓታት በመቆየት ነው። የብየዳው ሙቀት ይህን ጥንካሬ ያጠፋዋል፤ ከብየዳው አጠገብ ያለው ክፍል ከግማሽ የሚበልጥ ጥንካሬውን ሊያጣ ይችላል። ከላይ ሲታይ ጥገናው ያማረ ነው። ብስክሌቱ በከተማው አስፋልት ላይ ሳምንታት ሊያስኬድም ይችላል። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ የሚወርደውን ቁልቁለት የሚያስብ ሰው ግን ያ ቧንቧ በዚያ ፍጥነት ቢለያይ ምን እንደሚከተል ማስረዳት አያስፈልገውም። የተጣመመ የአሉሚኒየም ፍሬምን በኃይል ማቃናትም እንዲሁ ነው፤ ሽቦውን መልሶ እንደ ማጠፍ ይቆጠራል።

ከፍሬሙ ይልቅ ብዙ ሰው የሚዘነጋው መሪውንና መሪውን ከፍሬሙ ጋር የሚይዘውን ክፍል ነው። ያረጀ የአሉሚኒየም መሪ የሚሰበረው ብዙ ጊዜ በሚታሰርበት ቦታ ነው፤ ሲሰበርም ጋላቢው ክብደቱን ሙሉ በሙሉ እንደጣለበት ነው። ብስክሌቱ ክፉኛ ወድቆ ከነበረ ወይም ታሪኩ ካልታወቀ መሪውን በአዲስ መቀየር ከሁሉ የሚቀድም ወጪ መኾን አለበት።

የየዕለቱ አያያዝ ከባድ አይደለም። ብረትና አሉሚኒየም እርጥበት ባለበት ሲገናኙ አሉሚኒየሙ ይበላል፤ የኮርቻው ዘንግም ከፍሬሙ ጋር ተጣብቆ አልወጣም የሚለው በዚህ ምክንያት ነው። ክረምት ከመግባቱ በፊትና ከወጣ በኋላ ዘንጉን አውጥቶ፣ ጠርጎ፣ ግራሶ ቀብቶ መመለስ ይበቃል። ብሎኖቹም ግራሶ ይፈልጋሉ። በረጅም ቁልፍ ከልክ በላይ ማጥበቅ የአሉሚኒየሙን ጥርስ ይልጠዋል፤ አንዴ ከተላጠ ደግሞ መመለሻው ውድ ነው።

የአሉሚኒየም ብስክሌት ወገብ ይሰብራል የሚል ስሞታ አለ። እርግጥ ነው ግትር ነው፤ ነገር ግን ከፍሬሙ ይልቅ ጥፋቱ የጎማው ነው። በእነዚህ ብስክሌቶች ላይ የሚገኘው 700 በ23 የሚል ጽሑፍ ያለበት ጎማ ስፋቱ 23 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። በኮብልስቶን ላይ ይህ ጎማ ጥርስ ያንገጫግጫል። ብዙዎቹ ፍሬሞች 25 ሚሊ ሜትር፣ አንዳንዶቹም 28 ያስገባሉ። ጎማው ከፍሬኑና ከቧንቧዎቹ ጋር እንዳይነካካ ሦስት አራት ሚሊ ሜትር ክፍተት ካለ የሰፋውን መምረጥ ተገቢ ነው። 70 ኪሎ ግራም ለሚመዝን ሰው በ25 ጎማ ከ80 እስከ 90 ፒ ኤስ አይ የአየር ግፊት ይበቃዋል። የአየር መሙያው ጫፍ ቀጭን ስለኾነ የጎሚስታው ማሽን ላይገጥም ይችላል፤ ትንሿን የናስ ማገናኛ ገዝቶ በኪስ መያዝ ከብዙ እንግልት ያድናል።

ማርሹም ለተወዳዳሪ የተሠራ ነው። ፊት ለፊት 39፣ ኋላ 23 ጥርስ ያለው ትንሹ ማርሽ ፔዳሉ አንድ ጊዜ ሲዞር ብስክሌቱን 3.5 ሜትር ያህል ይወስደዋል። ለባሕር ዳር ሜዳ ይህ ይመቻል፤ ለጎንደር ዳገት ግን ጉልበት ይጨርሳል። የኋላውን 27 ወይም 28 ጥርስ ባለው መቀየር ርቀቱን ወደ 3 ሜትር ዝቅ ስለሚያደርገው ዳገቱ ይቀላል።

ይህ ብስክሌት የማይሠራውን ሥራም ማወቅ ይገባል። ዕቃ መጫኛ ማሰሪያ አብዛኛውን ጊዜ የለውም፤ ቧንቧው ላይ መጫኛ አጥብቆ ማሰርም ስሱን ግድግዳ ይጎዳዋል። ጤፍ ወደ ወፍጮ ቤት፣ ጀሪካን ወደ ቤት የሚያመላልስ አርሶ አደር በከባዱ የብረት ብስክሌት ቢጸና ይበጀዋል። ኮረኮንች መንገድ የሚበዛበትም እንዲሁ። ከገጠር ቀበሌ በአስፋልት ዳር ወደ ከተማ ለሚማር ልጅ ግን ረጅሙን መንገድ በእጅጉ ያቀልለታል።

ፍሬሙ የተሰነጠቀ ብስክሌት ተለይቶ ሲገኝ ቸርኬው፣ ማርሹና ፍሬኑ ደህና ከኾኑ በመለዋወጫ ዋጋ መግዛት ይቻላል። ፍሬሙ ግን ለቀለም ቀቢ መሰጠት የለበትም። አዲስ ቀለም ስንጥቁን ከቀጣዩ ገዥ ዓይን ይሰውረዋልና በመጋዝ ለሁለት ተቆርጦ ወደ አሉሚኒየም ሰብሳቢ ቢሄድ ይሻላል።