ከትወና ወደ ካሜራ፦ ኃይሌ ገሪማና «ማን ማንን ይጫወታል?» የሚለው ጥያቄ

መግቢያ

ከደባርቅ ተነሥቶ በዳባት በኩል ወደ ደቡብ የሚወርደው መንገድ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ ጎንደር ይገባል። በዚህች ከተማ እ.ኤ.አ. በ1946 የተወለዱት ኃይሌ ገሪማ በዓለም የሚታወቁት በፊልም ዳይሬክተርነታቸው ነው። ወደ አሜሪካ የተሻገሩት ግን ትወና ለመማር ነበር። ስለ ሥራዎቻቸው የሚደረጉ ውይይቶች አብዛኛውን ጊዜ በፖለቲካዊ ይዘታቸው ላይ ስለሚያተኩሩ፣ የትወና ዘመናቸው በአንድ ዐረፍተ ነገር ይታለፋል። ይህ አጭር ጽሑፍ ያንን ዘመን መነሻው ያደርጋል። መከራከሪያውም የሚከተለው ነው፦ ኃይሌ ትወናን ሲተዉ በተዋናይነት የገጠማቸውን ጥያቄ ይዘውት ሄደዋል፤ ተዋናይ የሚመርጡበት፣ ገጸ ባሕርይ የሚቀርጹበትና ፊልሞቻቸውን ለተመልካች የሚያደርሱበት መንገድ ለዚያ ጥያቄ የተሰጠ መልስ ነው። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የልጅነት መድረክና የሲኒማ አዳራሽ

የኃይሌ አባት ጸሐፌ ተውኔት ነበሩ፤ በገጠሩ እየተዘዋወሩም ተውኔት ያሳዩ ነበር። ኃይሌ ከልጅነታቸው ጀምሮ ከአባታቸው ቡድን ጋር መድረክ ላይ ወጥተዋል። በዚህ መድረክ ላይ ተዋናዩና ተመልካቹ አንድ ቋንቋ፣ አንድ ታሪክና አንድ ዓይነት ቀልድ ይጋሩ ነበር። ማታ ማታ እሳት ዳር የሚሰማው የአያት ተረትም የዚያው ዓለም አካል ነበር።

በዚያው ዘመን ግን ሌላ ትርኢት ወደ ጎንደር ገብቷል፦ የውጭ አገር ፊልም። ኃይሌ በቃለ ምልልሶቻቸው እንደሚያስታውሱት፣ እርሳቸውና እኩዮቻቸው የታርዛንን ፊልም ሲመለከቱ ልባቸው ከታርዛን ጋር ነበር። በፊልሙ ውስጥ ያሉት አፍሪካውያን ከኋላው አድፍጠው ሲቀርቡ፣ የጎንደር ልጆች ታርዛንን ለማስጠንቀቅ ይጮኹ ነበር። ይህ ትዝታ ፈገግ ቢያሰኝም፣ በኋላ ለኃይሌ አስተሳሰብ መሠረት ሆኗል። ልጆቹ በቆዳ ቀለም ከሚመስሏቸው ሰዎች ይልቅ ለታርዛን የወገኑት ታሪኩ የተነገረው ከእርሱ ወገን ሆኖ ስለ ነበር ነው። አፍሪካውያኑ ስም፣ ቤተሰብም ሆነ የራሳቸው ሐሳብ አልተሰጣቸውም።

ቺካጎ፦ ለጥቁር ተዋናይ የቀረው ቦታ

ኃይሌ እ.ኤ.አ. በ1967 ወደ አሜሪካ ተጉዘው በቺካጎ ጉድማን የድራማ ትምህርት ቤት ትወና ማጥናት ጀመሩ። ወቅቱ የአሜሪካ ቴሌቪዥን በጥቁር ተዋንያን ረገድ መለወጥ የጀመረበት ነበር። ቢል ኮስቢ «አይ ስፓይ» በተሰኘው ተከታታይ ድራማ ከ1965 ጀምሮ ከነጭ ባልደረባው ጋር እኩል መሪ ተዋናይ ሆኖ ቀርቦ ነበር፤ በ1968 ደግሞ ዳያን ካሮል «ጁሊያ» በተሰኘው ድራማ የነርስን ሚና በመሪነት መጫወት ጀመረች። ነገር ግን በእነዚያው ዓመታት፣ ከ1966 እስከ 1968፣ ኤንቢሲ የተባለው ጣቢያ በሮን ኢሊ መሪ ተዋናይነት የታርዛንን ተከታታይ ድራማ ያሰራጭ ነበር። የድራማው ጫካ የተቀረጸው በብራዚልና በሜክሲኮ ነው። ኃይሌ በጎንደር ሲኒማ ያዩት ታሪክ እንግዲህ በአሜሪካ ቤቶች ውስጥም በየሳምንቱ ይታይ ነበር።

ኃይሌ በቺካጎ የገጠማቸው ችግር ከዚህ የተለየ አልነበረም። በምዕራባውያን ተውኔቶች ውስጥ ለእርሳቸው የሚቀርበው ቦታ የአገልጋይና የአጃቢ ሚና እንደ ነበር በተደጋጋሚ ተናግረዋል። አንድ ተዋናይ በተሰጠው ሚና ውስጥ ችሎታውን ሊያሳይ ይችላል፤ ሚናው ለምን እንደዚያ እንደ ተጻፈ ለመጠየቅ ግን ብዕሩ በእጁ መሆን አለበት። ኃይሌ እ.ኤ.አ. በ1970 ወደ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሎስ አንጀለስ ተዛውረው ፊልም ማጥናታቸው ከዚህ አንጻር ሊታይ ይገባዋል።

ሎስ አንጀለስ፦ ተዋናይት፣ ጎዳናና ፖሊስ

በዩኒቨርሲቲው ከቻርልስ በርኔት፣ ከላሪ ክላርክ፣ ከጁሊ ዳሽና ከሌሎች ወጣት ጥቁር የፊልም ባለሙያዎች ጋር የአንድ ትውልድ አካል ሆኑ። ይህ ትውልድ በኋላ «የኤል ኤ ዓመፅ» የሚል መጠሪያ ተሰጥቶታል። የላቲን አሜሪካና የአፍሪካ ፊልሞች፣ በተለይም የሴኔጋላዊው ኡስማን ሴምቤን ሥራዎች፣ ከሆሊውድ ውጭ ሌላ መንገድ እንዳለ አሳይተዋቸዋል።

የዚህ ዘመን ዋነኛ ሥራቸው «ቡሽ ማማ» (1975) ነው። ባርባራ ኦ. ጆንስ የተጫወተችው ዶሮቲ በድጎማ የምትኖር የሎስ አንጀለስ እናት ናት፤ ፊልሙም የእርሷን ንቃተ ኅሊና ቀስ በቀስ መለወጥ ይከተላል። ለዚህ ጽሑፍ ጥያቄ ግን ይበልጥ ጠቃሚ የሆነው የፊልሙ መክፈቻ ነው። በዚያ ትዕይንት የሚታዩት ፖሊሶች ተዋንያን አይደሉም፤ የቀረጻ ቡድኑን በእውነት አስቁመው የፈተሹ የከተማዋ ፖሊሶች ናቸው። ካሜራው ሥራውን ስላላቋረጠ ድርጊቱ ከፊልሙ ገባ። በልብ ወለድና በእውነታ መካከል ያለው ድንበር በዚህ ትዕይንት ተሸርሽሯል።

«ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»፦ ገበሬው ገበሬን ሲጫወት

ኃይሌ ለትወና ጥያቄያቸው የተሟላ መልስ የሰጡት ወደ አገራቸው ሲመለሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1974፣ የንጉሠ ነገሥቱ ሥርዓት በሚፈርስበት ወቅት፣ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» የተሰኘውን ፊልም በሁለት ሳምንት ያህል ጊዜ ውስጥ በጥቁርና ነጭ ቀረጹ። ፊልሙ በ1976 ለዕይታ በቃ። ቋንቋው አማርኛ ሲሆን አብዛኞቹ ተዋንያን ሙያቸው ትወና ያልሆነ ሰዎች ናቸው።

የታሪኩ መስመር ቀላል ነው፤ አንድ ጭሰኛ ቤተሰብ፣ አንድ ባለርስትና መሬቱን የተነጠቀ ከበበ የተባለ የቀድሞ አርበኛ ይገኙበታል። ሰዎች ከብት ሲነዱ፣ ሲያርሱ፣ እንጨት ሲሸከሙ ካሜራው ረጅም ጊዜ ሳይቆርጥ ይከተላቸዋል። ለፊልሙ ዝግታ ሁለት ምክንያቶች መጥቀስ ይቻላል። አንደኛ፣ የሥራውን ድካም ተመልካቹ በጊዜ ርዝመት እንዲቀምሰው ያደርጋል። ሁለተኛ፣ ገበሬው እርፍ ሲጨብጥ የሚያሳየው ከልጅነቱ ጀምሮ አካሉ የተማረውን ነው፤ የትኛውም የድራማ ትምህርት ቤት ይህን አያስተምርም። በቺካጎ ባዳ ሚና እንዲለብሱ የተጠየቁት ኃይሌ እዚህ የራሱን ኑሮ ለሚጫወት ሰው ጊዜውንና ቦታውን ለቀዋል።

የዳባትና የደባርቅ አንባቢ በእርሻው፣ በጋቢውና በአነጋገሩ አገሩን ቢያውቅም፣ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በበጌምድርና ስሜን ጠቅላይ ግዛት መሬት በአመዛኙ በዘር ሐረግ በሚወረስ ርስት ይያዝ ነበር፤ የጭሰኝነት ሥርዓት ከፍቶ የታየው በደቡብ የአገሪቱ ክፍል ነው። ስለዚህ ፊልሙን የአንድ ወረዳ የመሬት ይዞታ ማስረጃ አድርጎ መጥቀስ ያሳስታል። ባለርስቱና ጭሰኛው የመላ አገሪቱን የመደብ ግንኙነት እንዲወክሉ የተቀረጹ ናቸው።

«ሳንኮፋ»ና «ጤዛ»

ኃይሌ ከ1975 ጀምሮ በዋሽንግተን ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ እያስተማሩ ፊልም መሥራታቸውን ቀጠሉ። «ሳንኮፋ» (1993) የሚጀምረው በጋና የባሪያ ንግድ ምሽግ ውስጥ፣ ለነጭ ፎቶግራፍ አንሺ በምትታይ ጥቁር ሞዴል ነው። ሞናን የተጫወተችው ኦያፉንሚኬ ኦጉንላኖ ናት። ሞና ሌላ ሰው የሚያዝዘውን አቋቋም ትቆማለች፤ ከዚያ ወደ ባርነት ዘመን ተወስዳ ሾላ የተባለች ባሪያ ሆና ትኖራለች። ከመታየት ወደ መኖር የሚደረገው ይህ ሽግግር የቺካጎውን ጥያቄ በሌላ መልክ ያነሣል። የአሜሪካ አከፋፋዮች ፊልሙን ባለመቀበላቸው ኃይሌ አዳራሽ እየተከራዩ በየከተማው ራሳቸው አሳዩት። ታሪኩን መጻፍና መቅረጽ ብቻ ሳይሆን ወደ ተመልካች የሚያደርሰውን በር መያዝም የዚያው ትግል አካል ነበር።

በ«ጤዛ» (2008) አሮን አረፈ የተጫወተው አንበርብር በጀርመን ተምሮ በደርግ ዘመን የሚመለስ ምሁር ነው። ከእናቱ መንደር ሲደርስ ሰዎች ከእርሱ መፍትሔ ይጠብቃሉ፤ እርሱ ግን የራሱን ትዝታ እንኳ መሰብሰብ ተስኖታል። ፊልሙ በቬኒስ ፌስቲቫል የዳኞች ልዩ ሽልማትና የምርጥ የፊልም ጽሑፍ ሽልማት፣ በ2009 ደግሞ በዋጋዱጉ የፌስፓኮ ታላቅ ሽልማት አግኝቷል።

ማጠቃለያ

የኃይሌ ገሪማ ሕይወት ከታርዛን ጩኸት እስከ «ጤዛ» ሲታይ አንድ ክር አለው፦ በትርኢት ውስጥ ሰውነት የሚሰጠው ማን ነው? የሚለው። ጥያቄው ለስሜን ግርጌ ሩቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1978 ጀምሮ በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ስለ ጭላዳና ስለ ዋልያ ለሚሠሩ ፊልሞች ዝነኛ ነው፤ በገደሉ አፋፍ ላይ ገብስ የሚዘራው ሰው ግን በእነዚህ ፊልሞች ውስጥ ብዙ ጊዜ የለም፣ ቢኖርም አጃቢ ነው። ከፓርኩ ተነሥተው በ2016 አካባቢ ወደ ደባርቅ የሰፈሩት የግጭ መንደር ነዋሪዎች የራሳቸው ታሪክ አላቸው። «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» የሚያሳየው ዘዴ ውድ መሣሪያንም ሆነ የሠለጠነ ተዋናይን አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ባለታሪኩ ሲሠራና ሲናገር ሳይቆርጡ የሚጠብቁበትን ትዕግሥት ነው። በአካባቢው የቃል ታሪክ፣ የቴአትርና የፊልም ጥናት ለሚያካሂዱ ተመራማሪዎች ይህ ሊፈተሽ የሚገባው መነሻ ነው።