የግብፅ ስኳሽ እና ሦስተኛው ተጫዋች

እኛ ግብፅን በስፖርት የምናውቃት በአፍሪካ ዋንጫ ነው። ዓለምን የረታችው ግን በሌላ ጨዋታ ነው፤ በአራት ግድግዳ መካከል በምትነጥር ትንሽ የጎማ ኳስ።

በስኳሽ የዓለም የቡድን ሻምፒዮና አገር ከአገር ሲገናኝ ከየወገኑ ሦስት ሰው ይሰለፋል። አንደኛው ከአንደኛው፣ ሁለተኛው ከሁለተኛው፣ ሦስተኛው ከሦስተኛው ጋር ይጋጠማል፤ ሁለቱን ጨዋታ የወሰደ አገር ያሸንፋል። አንድ ጀግና ብቻ ይዞ ዋንጫ ማንሳት ዘበት ነው።

የወንዶቹ ውድድር በ1967 ሲጀመር (ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) አውስትራሊያ አራቱን ዋንጫዎች አከታትላ ወሰደች። በ1980ዎቹ ደግሞ ፓኪስታን በተጫዋቿ ጃሃንጊር ካን ዘመን ነገሠች። ግብፅ የት ነበረች? ዲፕሎማቱ አምር ቤይ በ1930ዎቹ የብሪቲሽ ኦፕን ውድድርን ስድስት ጊዜ ያሸነፈላት አገር የመጀመሪያውን የቡድን ዋንጫ ያየችው በ1999 ነው።

መንገዱን የከፈተው አሕመድ ባራዳ ይመስለኛል። በ1996 ጊዛ ላይ፣ ከፒራሚዶቹ ሥር በተተከለ የመስታወት ሜዳ፣ ይህ ወጣት በግል ውድድር ለፍጻሜ ደርሶ በፓኪስታናዊው ጃንሸር ካን ተሸነፈ። ቢሸነፍም ስሙ በአገሩ ገነነ፤ ስኳሽም የጥቂት የክለብ አባላት መዝናኛ ከመሆን ወጣ። ከሦስት ዓመት በኋላ እሱና ገና ጀማሪው አምር ሻባና ያሉበት ቡድን ካይሮ ላይ ዌልስን በፍጻሜው ረትቶ ዋንጫውን አነሳ። ሻባና ከዚያ በግሉ አራት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን ሆኗል።

ወንዶቹ በ2009፣ በ2011፣ በ2017፣ በ2019፣ በ2023 እና በ2024 ደግመውታል፤ በአጠቃላይ ሰባት ዋንጫ። በ2013 ግን በፍጻሜው እንግሊዝ ረትታቸዋለች። ሴቶቹም ከ2008 ጀምሮ ስድስት ዋንጫ አላቸው። በ2024 ሆንግ ኮንግ ላይ ሁለቱም ቡድኖች አሸንፈው ነው የተመለሱት።

የቡድኑ ጥልቀት ይበልጥ የሚታየው ሰው ሲከዳው ነው። የ2017ቱ የዓለም ሻምፒዮን ሞሐመድ ኤልሾርባጊ በ2022 ለእንግሊዝ መጫወት ጀመረ። ሌላ አገር ቢሆን ወገቡ በተሰበረ ነበር፤ ግብፅ ግን በቀጣዩ ዓመት ኒውዚላንድ ላይ ዋንጫዋን አስጠበቀች።

ስኳሽ በ2028 በሎስ አንጀለስ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ ይገባል። ውድድሩ ግን የግል ብቻ ነው፤ ግብፅን ከሁሉ በላይ ያደረጋት የሦስተኛው ተጫዋች ጉልበት እዚያ አይቆጠርላትም።