ፕሌይስቴሽን ይግላል፣ ሙቀቱ ግን መውጫ አለው

ፕሌይስቴሽን ባለበት ቤት ስለ ሙቀቱ ምክር የማይሰጥ የለም። እናት «አንድ ሰዓት ሙሉ ተጫወታችሁበት፣ አሁን አሳርፉት» ትላለች። ታላቅ ወንድም ቬንትሌተር አምጥቶ ይደግንበታል። የሰፈሩ ጠጋኝ ደግሞ «ቺፑን አሙቄ አስነሣዋለሁ» ይላል። ሁሉም ለዕቃው አስበው ነው፤ ብዙ ቤተሰብ አጠራቅሞ ወይም ከውጭ ዘመድ ተልኮለት ያገኘው ንብረት ስለሆነ ቢሳሱለት አይፈረድባቸውም። ችግሩ አብዛኛው ምክር ሙቀትን እንደ በሽታ መቁጠሩ ነው። ማሽኑ የሚወስደው ኤሌክትሪክ ከሞላ ጎደል በሙሉ ወደ ሙቀት ይቀየራል። ፕሌይስቴሽን 5 ከባድ ጌም ሲያጫውት 200 ዋት ገደማ ስለሚወስድ፣ ሁለት ባለ 100 ዋት የድሮ አምፖሎችን አንድ ጠባብ ሣጥን ውስጥ ከማብራት አይለይም። መጋሉ አይቀርም። ዕድሜውን የሚወስነው ሙቀቱ የሚወጣበት መንገድ ክፍት መሆኑ ነው።

«ከኋላው ትኩስ አየር ከወጣ ሊቃጠል ነው»

እጃችሁን ከኋላው ስታስጠጉ ትኩስ ንፋስ ከነካችሁ ደስ ይበላችሁ። ሙቀቱ ከቺፑ ተነሥቶ፣ ሙቀቱን በሚቀበሉት የብረት ክንፎች መካከል አልፎ፣ ወደ ውጭ እየሄደ ነው ማለት ነው። ሊያሳስብ የሚገባው ፋኑ እየጮኸ የሚወጣው አየር ግን ደካማ ሲሆን ነው፤ ያን ጊዜ መንገዱ ላይ አንድ ነገር ተጋርጧል። ጩኸቱ ብቻውን ብዙ አይነግርም፤ ከጌም ጌም ይለያያል። ያው ጌም፣ እዚያው ቦታ፣ ከዓመት በፊት ከነበረው ይልቅ የሚያስጮኸው ከሆነ ግን ውስጡ አቧራ ይዟል ወይም ቺፑ ላይ የተቀባው ሙቀት አስተላላፊ ቅባት ደርቋል።

«ቡፌ ውስጥ ይቀመጥ፣ ዳንቴልም ይልበስ፣ አቧራ እንዳይገባበት»

በእኔ እምነት በከተማ ቤቶቻችን ውስጥ ከሁሉም የበለጠ ጉዳት የሚያደርሰው ይህ ነው፤ ክፉ ሐሳብ ስለሌለበትም ማንም አይጠረጥረውም። ማሽኑ ጠፍቶ ሳለ ማልበስ ጥሩ ነው። በርቶ ሳለ ግን የሚተነፍስበትን ቀዳዳ መድፈን ነው። ቡፌው ደግሞ የፊት በሩ ቢከፈት እንኳ ችግሩ አይቀረፍም። ከኋላ የወጣው ትኩስ አየር ከጣውላው ጋር ተጋጭቶ ወደ ፊት ይመለስና ማሽኑ ያንኑ መልሶ ይስበዋል። በየዙሩ የሚገባው አየር ካለፈው የሞቀ ይሆናል።

የፕሌይስቴሽን መመሪያ ማሽኑ የሚሠራበት ሙቀት ከ5 እስከ 35 ዲግሪ ሴልሺየስ እንዲሆን ያዝዛል። ይህ ቁጥር መለካት ያለበት ማሽኑ በሚስበው አየር ላይ ነው። ሳሎኑ 22 ዲግሪ ሆኖ የቡፌው ውስጥ ከ35 ሊያልፍ ይችላል። ከግድግዳ ቢያንስ 10 ሴንቲ ሜትር ይራቅ የሚለው መመሪያም የመጣው ከዚሁ ነው።

አየሩ በየት ገብቶ በየት እንደሚወጣ ማወቅም ያስፈልጋል። ፕሌይስቴሽን 4 ከጎኖቹ ስቦ በኋላ ያስወጣል። ፕሌይስቴሽን 5 ከፊት ስቦ በኋላ ያስወጣል። ኤክስቦክስ ሲሪስ ኤክስ ግን ከሥር ስቦ በአናቱ ነው የሚተነፍሰው፤ ስለዚህ በላዩ ላይ ጆይስቲክ እንኳ ማስቀመጥ አይገባም። ከዲሹ ሪሲቨር ላይ የተደረበ ፕሌይስቴሽን የሪሲቨሩንም ሙቀት ይሸከማል። ሶፋና ወፍራም ምንጣፍ ላይ ሲቀመጥ ደግሞ ሰምጦ የጎኑ መሳቢያ ይሸፈናል። ጠንካራ ጠረጴዛ፣ ዙሪያው ባዶ፣ በቃ።

ቬንትሌተሩም እዚህ ላይ ይነሣ። ወደ አየር መሳቢያው በኩል ከነፈሰ ይረዳል፤ ከኋላ በኩል ከተደገነ ሊወጣ የሚታገለውን ትኩስ አየር ይመልሰዋል።

«አዲስ አበባ ብርድ ናት፣ እዚህ አይግልም»

እውነትነቱ ግማሽ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚልቅ ከፍታ ላይ ናት፤ በዚህ ከፍታ አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አራተኛ ገደማ የሳሳ ነው። ፋኑ በእኩል ፍጥነት ቢዞርም በየዙሩ የሚገፋው አየር ክብደቱ ያነሰ ስለሆነ ይዞት የሚወጣው ሙቀትም ያንሳል። የከተማዋ ቅዝቃዜ የሰጠውን የአየሩ መሳሳት በከፊል ይወስድበታል። በዚያ ላይ ብዙዎቹ ፕሌይስቴሽን ቤቶች መንገድ ዳር ባሉ፣ መስኮት በሌላቸው የቆርቆሮ ክፍሎች ውስጥ ናቸው፤ ሰውና አቧራ ይበዛባቸዋል፣ ማሽኑም ከጠዋት እስከ ማታ ይሠራል። ድሬዳዋ ላይ አየሩ ወፈር ቢልም በሙቀቱ ወራት ክፍሉ ራሱ ከ30 ዲግሪ በላይ ስለሚሆን እስከ 35 የሚቀረው ጥቂት ነው።

«በየሰዓቱ ማሳረፍ ዕድሜውን ያረዝመዋል»

ማሽኑ አብዛኛውን ጊዜ በግማሽ ሰዓት ውስጥ አንድ የሙቀት ደረጃ ላይ ደርሶ ይረጋል፤ የሚፈጠረው ሙቀትና የሚወጣው እኩል ይሆናሉ። ከዚያ በኋላ አንድ ሰዓትም ይሁን አራት ሰዓት፣ መንገዱ ክፍት ከሆነ ለውጥ የለውም። ልጆች ለዓይናቸውና ለጥናታቸው ሲሉ ማረፍ አለባቸው፤ ማሽኑ ግን ምክንያት አይሁን።

እንዲያውም መጋልና መቀዝቀዝ መፈራረቁ የራሱ ጉዳት አለው። ለዚህ የኤክስቦክስ 360ን ታሪክ የሚያህል ማስረጃ የለም። ይህ ማሽን እ.ኤ.አ. በኅዳር 2005 ወጣ፤ ብዙም ሳይቆይ በዓለም ዙሪያ ፊቱ ላይ ሦስት ቀይ መብራት እያሳየ ይሞት ጀመር። አምራቹ ማይክሮሶፍት በሐምሌ 2007 የዚህን ብልሽት ዋስትና ወደ ሦስት ዓመት አራዘመ፣ ለዚህም ከአንድ ቢሊዮን ዶላር በላይ መደበ። ኩባንያው በ2021 ባወጣው ዘጋቢ ፊልም ላይ መሐንዲሶቹ ምክንያቱን ተናገሩ፦ በቺፑ ማቀፊያ ውስጥ ያሉት ጥቃቅን መገናኛዎች ማሽኑ በበራና በጠፋ ቁጥር ሲለጠጡና ሲኮማተሩ ቆይተው ይሰነጠቁ ነበር።

በዚያ ዘመን ታዲያ ተጫዋቾች አንድ «መድኃኒት» አገኙ። የሞተውን ማሽን በፎጣ ጠቅልለው ያበሩታል፤ በራሱ ሙቀት ሲነድድ ቆይቶ አንዳንዴ ይነሣል። የተሰነጠቀው መገናኛ በሙቀቱ ተለጥጦ ለጊዜው ይነካካል እንጂ አልተጠገነም፤ በቀናት ወይም በሳምንታት ውስጥ ይመለሳል። ፎጣው ዛሬ በሂት ገን ቢተካም ነገሩ ያው ነው። ቺፑን አሙቆ ማስነሣት ገንዘብ የሚከፈልበት ጥገና ሊባል አይገባውም፤ ደንበኛው ለጥቂት ጊዜ ብቻ እንደሆነ ሳይነገረው ሲከፍል ያሳዝነኛል።

«ጎሚስታ ወስደህ አስነፋው»

አቧራውን ማስወጣት ትክክል ነው፤ የጎማ ቤት ኮምፕረሰር ግን ለዚህ አልተሠራም። ታንኩ ውስጥ ውሃና ዘይት ይጠራቀማል፣ ከንፋሱ ጋርም ተረጭቶ ቦርዱ ላይ ያርፋል። ግፊቱ ፋኑን ከተሠራበት ፍጥነት በላይ ያሽከረክረዋል፤ ኩሽኔታውን ይጎዳል፣ ሞተሩም እንደ ጄኔሬተር ሆኖ ወደ ቦርዱ ኤሌክትሪክ ሊልክ ይችላል። በአፍ መንፋትም ምራቅና እርጥበት ይጨምራል። ማሽኑን አጥፍታችሁ፣ ከሶኬት ነቅላችሁ፣ ፋኑን እንዳይዞር በቀጭን እንጨት ይዛችሁ፣ በለስላሳ ብሩሽ ማራገፍ ይበቃል። ፕሌይስቴሽን 5 ደግሞ የጎን ሽፋኑ በእጅ ሲነሣ የሚታዩ፣ አቧራ እንዲጠራቀምባቸው ተብለው የተሠሩ ቀዳዳዎች አሉት፤ እነሱን በቫኪዩም መሳብ ይቻላል።

የጋለውን ማሽን ፍሪጅ ውስጥ ስለማስገባት፣ በረዶ ወይም እርጥብ ጨርቅ ስለማስጠጋት ብዙ ማለት አያስፈልግም። ቀዝቃዛ ነገር ላይ የአየሩ እርጥበት ውሃ ሆኖ ይጤዛል፤ ውሃና ኤሌክትሪክ ደግሞ አይገናኙም።

«ጌሙ ከተንቀረፈፈ ጋለ ማለት ነው»

ማርክ ሰርኒ፣ የፕሌይስቴሽን 5 ዋና ንድፍ አውጪ፣ በመጋቢት 2020 ባቀረበው ገለጻ የማሽኑ ፍጥነት የክፍሉን ሙቀት እየተከተለ እንደማይለዋወጥ፣ በሚሠራው ሥራ መጠን ብቻ እንደሚስተካከል አስረድቷል። ሞቃት ክፍል ውስጥ ያለውም ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ያለውም አንድ ዓይነት ጌም እንዲያገኙ ነው። ስለዚህ በኢንተርኔት ስትጫወቱ ኳሱ የሚዘገይባችሁ አብዛኛውን ጊዜ ከኔትወርኩ ነው። በጣም የጋለ ፕሌይስቴሽን 5 በመንቀራፈፍ ፋንታ ማስጠንቀቂያ በስክሪኑ ላይ ይጽፋል፤ ካልበረደም ይጠፋል። ማስጠንቀቂያው ሲመጣ ገመዱን አትንቀሉ፤ ሲጻፍ የነበረ ፋይል ሊበላሽ ይችላል። በሥርዓቱ አጥፍታችሁ እስኪበርድ ጠብቁ፣ ከዚያ የቆመበትን ቦታ መርምሩ።

ቦታውን አስተካክላችሁ፣ አቧራውን አራግፋችሁ፣ አሁንም ከጠፋባችሁ ቀጥሎ የሚጠረጠረው ቅባቱ ነው። ለዓመታት የሠራ ፕሌይስቴሽን 4 ላይ ቅባቱ ደርቆ ይገኛል፤ መለወጡ ቀላል ነው፣ ጥሩ ጠጋኝ እጅ ላይ ማሽኑን በእርግጥ ያድሰዋል። ፕሌይስቴሽን 5 ግን በቅባት ፋንታ ፈሳሽ ብረት ነው ያለው። ይህ ብረት ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፣ አሉሚኒየምም ይበላል፤ አንዲት ጠብታ ቦርዱ ላይ ብትፈስ ማሽኑን ልትገድለው ትችላለች። ለጥገና ከመስጠታችሁ በፊት ጠጋኙን በፈሳሽ ብረት ሠርቶ ያውቅ እንደሆነ ጠይቁት፤ «ያው ቅባት ነው» ካላችሁ ማሽናችሁን ይዛችሁ ተመለሱ።