ኪያንቲ፦ ከማዕድ የማይለይ ወይን ጠጅ

ወይን ጠጅ ሁሉ አንድ ዓይነት ጠባይ የለውም። ብቻውን ሲቀመስ ደስ የሚያሰኝ አለ፤ ከምግብ ጋር ካልሆነ በቀር መልካምነቱ የማይገለጥም አለ። በዛሬው የቤተሰብ ዓምዳችን የምናነሣው የኢጣሊያ ቀይ ወይን ጠጅ፣ ኪያንቲ፣ ከሁለተኛው ወገን የሚመደብ ነው። ብቻውን የቀመሰው ሰው «ይኮመጥጣል፤ አፍ ያደርቃል» ብሎ ብርጭቆውን ሊያስቀምጥ ይችላል። ይህ ጉድለት የሚመስለው ጠባይ ግን ከማዕድ ፊት ሲቀርብ ዋና ሙያው ሆኖ ይገኛል።

የኪያንቲ ሀገር በፊሬንዜና በሲዬና ከተሞች መካከል ያሉት የቶስካና ኮረብታዎች ናቸው። ታላቁ መስፍን ኮዚሞ ሣልሳዊ በ1716 እ.ኤ.አ. ባወጣው ዐዋጅ የአካባቢውን ወሰን ከለለ። ሁለት ጊዜ የኢጣሊያ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበረው ባሮን ቤቲኖ ሪካዞሊ ደግሞ በ1872 በጻፈው ደብዳቤ የወይኑን ቅይጥ ዘረዘረ። ሳንጆቬዜ የተባለው ወይን መዓዛና ጥንካሬ ይሰጣል፤ ካናዮሎ ሻካራነቱን ያለዝባል፤ ነጩ ማልቫዚያ ለዕለት መጠጥ ያቀለዋል። ዛሬ ከጥንታዊው ወሰን የሚመረተውና የጥቁር አውራ ዶሮ ምልክት ያለበት ኪያንቲ ክላሲኮ ቢያንስ 80 በመቶ ሳንጆቬዜ መሆን አለበት። ነጭ ወይን መቀላቀልም ከ2006 ወዲህ ቀርቷል።

ይሁንና ወይኑን በላቡ ያለማው ገበሬ አብዛኛውን ጊዜ የመሬቱ ባለቤት አልነበረም። ከምርቱ እኩሌታውን ለባለመሬቱ የሚያስረክብ እኩል አራሽ ነበር፤ አዲስ የእኩል አራሽ ውል በሕግ የተከለከለው በ1964 ነው። ግርጌው ክብ በመሆኑ በራሱ መቆም የማይችለውን ፊያስኮ የተባለ ጠርሙስ በደረቅ ሣር ሲያለብሱ የኖሩትም ሴቶች ነበሩ። ስፌት የሚሰፉ ባለቤቶቻችን የዚህን እጅ ሥራ ድካም ያለ አስረጂ ይረዱታል።

ኪያንቲ ቀለሙ ደማቅ ቀይ፣ ሽታው ቼሪን የሚያስታውስ፣ የአልኮል መጠኑም ብዙውን ጊዜ ከ12 እስከ 14 በመቶ ነው። አፍ የሚያደርቀው ከወይኑ ልጣጭና ዘር የሚወጣው ታኒን የተባለ ንጥረ ነገር ነው። ታኒን በምራቃችን ውስጥ ካለው ፕሮቲን ጋር ስለሚጣበቅ ምላስ ይሻክራል። ሥጋ አብሮ ሲበላ ግን ታኒኑ ይለዝባል፤ ኮምጣጣነቱም የስቡን ክብደት ከአፍ ያጥባል።

የቶስካና ሰዎች ስለዚህ በፍም የተጠበሰ ወፍራም የበሬ ሥጋ በጨውና በወይራ ዘይት ብቻ አጣፍጠው ከኪያንቲ ጋር ያቀርባሉ። ከበግ ወተት የተሠራ አይብ፣ የዱር አሳማ ወጥ፣ ቦሎቄና የደረቀ ዳቦ አብረው የሚበስሉበት ሪቦሊታ የተባለ የድሃ ሾርባም ይስማሙታል። የቲማቲም ኮምጣጣነት ከወይኑ ኮምጣጣነት ጋር ስለሚመጣጠን በብዙዎቻችን ቤት የሚሠራው ፓስታ በሱጎም ተስማሚው ነው። በአንጻሩ ቅባት ያለው ዓሣ ከቀይ ወይን ጠጅ ጋር የብረት ጣዕም ሊያመጣ ይችላል፤ በርበሬ የበዛበት ወጥም ከአልኮሉ ጋር ተጋግዞ አፍን ያቃጥላል። በቆላ ጦር ሰፈር ያሉ ቤተሰቦች ጠርሙሱን ለጥቂት ደቂቃ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ቢያኖሩት ከ16 እስከ 18 ዲግሪ ወደሚሆነው ተስማሚ ሙቀቱ ይቀርብላቸዋል።

ከዚህ ሁሉ የምንቀስመው ቁም ነገር አንድ ነው። ምግብ አልኮል ወደ ደም የሚገባበትን ፍጥነት ይቀንሳል፤ ማዕድ ለመጠጥ ልጓም ነው። በደመወዝ ቀን በባዶ ሆድ ከመጠጥ ቤት የሚቀመጥ ወታደር ገንዘቡንም፣ ጤናውንም፣ ቤት የሚጠብቁትን ልጆቹንም ይጎዳል። ተረኛ፣ መሣሪያ የያዘ፣ መኪና የሚነዳና ነፍሰ ጡር የሆነች ሴት ፈጽሞ ሊጠጡ አይገባም፤ እምነቱ የሚከለክለውም ከማዕዱ የሚጎድልበት ነገር የለም። የሚጠጣ ግን ከባለቤቱ ጋር በአንድ ገበታ ቀርቦ፣ ምግቡን አስቀድሞ፣ በአንድ ብርጭቆ ይወሰን።