ገመዱን የያዘው ማነው? የመሬት ልኬትና የባለይዞታው ዋስትና

«በሚስትና በርስት ቀልድ የለም» ይባላል። ውድ አንባቢያን፣ ከየትኛውም የአገራችን ክፍል እንምጣ፣ ይህን ተረት ሳይሰማ ያደገ ያለ አይመስለኝም። ወሰን ገፋህ፣ ድንበር አፈረስክ እየተባባሉ ወንድማማቾች ሲጣሉ፣ ጎረቤት ከጎረቤት ደም ሲቃባ ማየት ለገጠር ልጅ እንግዳ ነገር አይደለም። የዛሬው ጽሑፋችን ስለዚሁ ወሰን ነው፦ መሬት እንዴት ይለካል፣ የሚለካውስ ማነው፣ ከተለካ በኋላ መዝገቡ ማንን ይጠብቃል? (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

የመሬት ቅየሳ ሲባል ብዙዎቻችን ዓይን ላይ የሚመጣው ባለሦስት እግር መሣሪያ አቁሞ በአንድ ዓይኑ የሚያጮልቅ መሐንዲስ ነው። መንገድ ሊሠራ ነው ወይ ፋብሪካ ሊተከል ነው እንላለን። የአገራችን ገበሬ ግን ልኬትን ያወቀው ከዚያ በፊት ነው፤ ያወቀውም፣ እውነቱን ለመናገር፣ በመልካም አይደለም።

በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ፣ በዐፄ ምኒልክ ዘመን ወደ ደቡብ በተስፋፋው ግዛት መሬት የሚለካው በቃላድ ነበር። ቃላድ የመለኪያ ገመድ ነው፤ የተለካው መሬት በጋሻ ይቆጠራል። አንድ ጋሻ 40 ሄክታር ያህል ነው ቢባልም እንደየቦታው ይሰፋል፣ ይጠባል። ለግብሩ ደግሞ ለም፣ ለም ጠፍ፣ ጠፍ ተብሎ ይመደባል። ለአገሬው ባላባት ሲሶ ይተውለትና የቀረው ለመንግሥት፣ ለወታደሩና ለሹማምንቱ ይሆናል። ማሳው ላይ ሲያርስ የኖረው ሰው ገመዱ ካለፈ በኋላ እዚያው ማሳ ላይ ጭሰኛ ሆኖ ቀረ።

በሰሜኑ የርስት አገር ደግሞ የጎጃምን ታሪክ ማንሣት ይበቃል። በ1967 የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ሲወጣ የጎጃም ገበሬ ዛሬ ምርት ሊገምት የመጣ ነገ መሬት ሊለካ፣ ከነገ ወዲያ ርስት ሊወስድ ነው ብሎ ሠጋ። በ1968 ገማቾቹን አላስገባም አለ። ነገሩ ወደ ዐመፅ ተለወጠ፣ የጦር ኃይል ዘመተበት፤ በመጨረሻም መንግሥት ውዝፍ ግብሩን ማረ። ገበሬው ከገመዱ ጋር ጠብ አልነበረውም። ጠቡ ገመዱን ከያዘው ጋር ነበር።

ከዚያ በ1975 ደርግ የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት አደረገ፤ ጭሰኝነት ቀረ፣ በምትኩ ሽግሽግ መጣ። በ1997 በአማራ ክልል የተካሄደውን ሽግሽግ ብዙዎቻችሁ ታስታውሱታላችሁ። በደርግ ጊዜ በገበሬ ማኅበር ሥልጣን ላይ የነበሩት «ቢሮክራሲ» የሚል ስም ተለጥፎባቸው ከአንድ ሄክታር በላይ እንዳይዙ ተደረገ።

ልማት የሚባለው ነገር ከልኬት ጋር የሚገናኘው እዚህ ላይ ነው። እርከን መሥራት ስንት ጉልበት እንደሚፈጅ ያየ ያውቀዋል። ድንጋዩን ከታች ተሸክሞ፣ ካብ ክቦ፣ ክረምት ያፈረሰውን በበጋ ጠግኖ፣ ፍሬው የሚታየው ከዓመታት በኋላ ነው። መሬቱ በሚቀጥለው ሽግሽግ ለሌላ ይሰጣል ብሎ የሚያስብ ሰው ለማን ብሎ ይክባል? ፍግ አይበትንም፣ ዛፍ አይተክልም፤ ዘንድሮ የምትሰጠውን አሟጦ ይወስዳል። ባሏ የሞተባት፣ በሬ የሌላት ሴትም እንደዚሁ ናት። መሬቷን በእኩል ብታሳርስ ይሻላት ነበር፤ ነገር ግን ሦስት ዓመት ያረሰው ሰው የኔ ነው ቢልስ? ማስረጃዋ የጎረቤት ቃል ብቻ ነው፤ ጎረቤቱም ያራሹ አጎት ሊሆን ይችላል።

እንግዲህ በ1998 በትግራይ የገጠር መሬት ምዝገባ ሲጀመር የተያዘው መሣሪያ እንደገና ገመድ ነበር። ልዩነቱ ገመዱን የሚጎትቱት ጥቂት ቀን የሠለጠኑ የመንደሩ ልጆች መሆናቸው ነው፤ ባለይዞታውና አዋሳኞቹ እዚያው ቆመው ያያሉ። ከኤርትራ ጋር የተነሣው ጦርነት ሥራውን እስኪያቋርጠው ድረስ አብዛኛው አባወራ ባለ አንድ ገጽ ወረቀቱን አግኝቶ ነበር። በአማራ ክልል ደግሞ በስዊድን ድጋፍ ሙከራው ከተጀመረባቸው ወረዳዎች አንዱ የምሥራቅ ጎጃሙ ጎዛምን ነው። አዎ፣ ያው በ1968 ገማች አላስገባም ያለው ጎጃም! በዚህኛው ጊዜ ገበሬው ራሱ የመረጠው የቀበሌ የመሬት አስተዳደርና አጠቃቀም ኮሚቴ ከማሳ ማሳ እየዞረ ወሰኑን አስለየ፤ የተመዘገበው ዝርዝር ለሕዝብ ታየ፤ ቅር ያለው ተናገረ። ያልተስማሙት በሽማግሌ ታዩ፣ ያ ካልሆነ ፍርድ ቤት ሄዱ።

ስለ ሴቶቹ አንድ ነገር ልበል። የትግራዩ ወረቀት የሚጻፈው በቤቱ ኃላፊ ስም ነበር፤ ኃላፊው ደግሞ ባል ካለ ባል ነው። የአማራው ደብተር ግን የባልና የሚስትን ስም፣ የሁለቱንም ፎቶ ግራፍ እንዲይዝ ተደረገ። በ2005 የወጣው የፌዴራል አዋጅም የጋራ ይዞታ በሁሉም ባለይዞታዎች ስም እንዲመዘገብ አዘዘ። መቼም ከላይ የጠቀስነው ተረት ሚስትን ከርስት ጋር እንደ ንብረት ይቆጥራታል፤ ደብተሩ ግን ባለይዞታ ብሎ ጻፋት። ፍቺ ሲመጣ፣ ባል ሲሞትና ወንድሞቹ ማሳ ሊካፈሉ ሲመጡ፣ ያቺ ትንሽ ፎቶ ምን እንደምትሠራ የገጠር ሴት ትንገራችሁ።

በዚህ መንገድ በጥቂት ዓመታት ውስጥ በአራቱ ክልሎች 20 ሚሊዮን ገደማ ማሳ ተመዘገበ። ወጪው በአንድ ማሳ አንድ የአሜሪካ ዶላር ያህል ነበር፤ በዘመናዊ መሣሪያ ይለካ ቢባል ብዙ እጥፍ ይሆን ነበር። በኋላ በአማራ ክልል ጥናት ያደረጉ የዓለም ባንክ ተመራማሪዎች ደብተር ያገኙ ገበሬዎች አፈርና ውኃ ጥበቃ ላይ የሚያወጡት ጉልበት መጨመሩን፣ መሬት ማከራየትም መስፋፋቱን አይተዋል። በገመድ ነው ይህ ሁሉ።

ይሁን እንጂ ገመዱ ጉድለት ነበረበት። ደብተሩ ካርታ የለውም። «በሰሜን እገሌ፣ በደቡብ እገሊት፣ በምሥራቅ መንገድ፣ በምዕራብ ወንዝ» ይላል። እገሌ ሞቶ መሬቱ ለሦስት ልጆች ሲከፈልስ? ወንዙ ክረምት ላይ አቅጣጫ ሲቀይርስ? ደብተሩ ላይ ያለው አዋሳኝ መሬት ላይ የለም። ደብተሩ ስንት እንደያዝክ ይነግርሃል እንጂ የት ላይ እንደያዝክ በትክክል አያሳይም።

ታዲያ በጂፒኤስ ለምን አይለካም የሚል ይኖራል። እስቲ በቁጥር እንየው። አንድ ጥማድ፣ ማለትም ጥንድ በሬ በቀን የሚያርሰው መሬት፣ ሩብ ሄክታር ያህል ነው፤ 50 ሜትር በ50 ሜትር በሉት። በእጅ የሚያዘው ተራ ጂፒኤስ አምስት ሜትር ቢሳሳት ለሱ ምንም አይደለም። ነገር ግን በአንድ ጎን አምስት ሜትር ማለት 250 ካሬ ሜትር፣ የማሳው አንድ አሥረኛ ነው። በዚህ ሰው ይሞታል። ትክክለኛዎቹ መሣሪያዎች፣ እነ ቶታል ስቴሽን፣ ሳንቲ ሜትር አያሳስቱም፤ ግን ውድ ናቸው፣ የሠለጠነ ሰው ይፈልጋሉ፣ ሚሊዮን ማሳ ቶሎ አይጨርሱም።

መፍትሔ ሆኖ የመጣው የአየር ፎቶ ግራፍ ነው። ከአውሮፕላን ወይም ከሳተላይት የተነሣው ምስል ተስተካክሎ በሰፊ ወረቀት ይታተማል፤ በብዛት 1 ለ 2000 በሆነ መጠን፣ ማለትም ወረቀቱ ላይ አንድ ሳንቲ ሜትር መሬት ላይ 20 ሜትር ነው። ቡድኑ ወረቀቱን ይዞ ማሳ ይወርዳል። ባለይዞታውና አዋሳኞቹ ዛፉን፣ የድንጋይ ካቡን፣ ቦዩን ምስሉ ላይ እየለዩ ወሰኑን ያሳያሉ፤ መስመሩ በእስክሪብቶ ይሰመራል። ግማሽ ሚሊ ሜትር የሚወፍር እስክሪብቶ እንኳ አንድ ሜትር መሬት ስለሚሸፍን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ከዚያ ወረዳ ላይ ኮምፒዩተር ውስጥ ይገባል፣ እያንዳንዱ ማሳ መለያ ቁጥር ያገኛል፣ ካርታው ተለጥፎ ሕዝብ ያየዋል። ሁለተኛ ደረጃ የይዞታ ማረጋገጫ የሚባለው ይህ ነው። በእንግሊዝ መንግሥት ድጋፍ ከ2014 እስከ 2021 የተካሄደው ፕሮግራም ብቻ 14 ሚሊዮን ማሳ ለመመዝገብ የታቀደ ነበር፤ ፊንላንድና የዓለም ባንክም በሌላ በኩል ደግፈዋል።

እዚህም ላይ ግን ልብ በሉ፤ ሳተላይቱ ጥርት አድርጎ የሚያሳየው ካቡን ነው። ካቡ የማን እንደሆነ የሚናገሩት ቆመው የሚያሳዩት ሰዎች ናቸው። በዚያ ቀን ያልተገኘ ሰው አፍ የለውም።

ሌላው ችግር መዝገብ ማርጀቱ ነው። ለዚህ ሩዋንዳን ማየት ይጠቅማል። ሩዋንዳ ከ2009 እስከ 2013 ባለው ጊዜ፣ በዚሁ በአየር ፎቶ ዘዴ፣ ከ10 ሚሊዮን በላይ ማሳ መዝግባ ጨረሰች፤ በአፍሪካ እንደ ተአምር ተወራላት። ነገር ግን መሬት ሲሸጥና ሲወረስ ስም ለማዛወር የማሳው መጠን ትንሽም ይሁን ትልቅ 30,000 የሩዋንዳ ፍራንክ ይጠየቅ ነበር። ቁራጭ መሬት የሸጠ ድሃ ይህን ከየት ያመጣል? በእጅ የተጻፈ ውል ተፈራርሞ ዝም ይላል። መዝገቡ ሻጩን ባለመሬት እንዳለ ይቀራል። ሚሊዮኖች ወጥቶበት የተሠራ ካርታ በዚህ ዓይነት ቀስ በቀስ ከእውነቱ ይርቃል። በአገራችንም ባለይዞታ ሲሞት ልጆቹ ለስም ዝውውር ወረዳ ካልሄዱ ያው ነው።

አሁን ወደኛ ልምጣ። ከአገሩ የወጣ ሰው መሬት ምን ይሆናል? የትግራይ ክልል የ2006 ሕግ ከሁለት ዓመት በላይ ከአካባቢው የራቀ ሰው የእርሻ መሬቱን የመጠቀም መብት እንደሚያጣ ደንግጎ ነበር። ሩዋንዳ በ1993 በአሩሻ የተፈረመው ስምምነት ደግሞ ከአሥር ዓመት በፊት የወጡ ስደተኞች ሌላ ሰው የያዘውን ንብረታቸውን እንዳይጠይቁ ይላል፤ ምክንያቱም ማኅበራዊ ሰላም ነው። ሁለቱም የራሳቸው ምክንያት አላቸው። መሬት ጦም ይደር አይባልም፤ መሬት የሌለው ወጣት እዚያው አጠገቡ ቆሟል። ግን ለሥራ ከተማ የገባና ነፍሱን ሊያድን የሮጠ ሰው በአንድ የዓመት ቁጥር መለካታቸው፣ በኔ አስተያየት፣ ፍርደ ገምድል ነው። ይህን ልዩነት የትኛውም መሣሪያ አይለካውም፤ ሕጉ ውስጥ መጻፍ አለበት።

በ2024 አዲስ የፌዴራል የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ወጥቷል፤ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ቁጥሩ 1324/2016 ሲሆን የ2005ቱን ተክቷል። ገበሬው የመጠቀም መብቱን አስይዞ እንዲበደርም ይፈቅዳል። ይህ ለልማት በጎ ነው፤ ሆኖም በማን ስም ተመዝግቧል የሚለውን ጥያቄ ከበፊቱ ይበልጥ ከባድ ያደርገዋል። በስሙ የተጻፈለት ሰው ነው ባንክ የሚገባው።

ስለዚህ ቤተሰብ በስልክ ስታገኙ ከሰላምታው በኋላ የምትጠይቁት አለ። ማሳው በሁለተኛ ደረጃ ተለክቷል ወይስ ገና የድሮው ደብተር ነው? ወሰኑ ሲታይ ከኛ ወገን ማን ቆመ? የአባታችን ስም ወደ ወራሾች ዞሯል? በእኩል ወይም በኪራይ የሚያርሰው ሰው ውሉ ተጽፎ ወረዳ ተመዝግቧል? የእናታችን ስምና ፎቶስ አለ? ስሙ እንዲነሣ የማይፈልግ፣ የሚያሰጋው ሰው ካለ ደግሞ እዚያ ያለው ዘመድ በራሱ ስም ይጠይቅለት። ማሳው መለያ ቁጥር ተሰጥቶት ከሆነ እሱን ጽፋችሁ ያዙ። ደብተሩ ቢቃጠል ወይም ቢጠፋ፣ መዝገቡ ኮምፒዩተር ውስጥ የገባበት ወረዳ ማሳውን የሚያገኘው በዚያ ቁጥር ነው።