ዳሽቦርድ ላይ የተረሳ መነጽር

ሞጆ ደረቅ ወደብ አካባቢ ተራ ከሚጠብቁት ከባድ መኪኖች ጋቢና ውስጥ ዳሽቦርድ ላይ የማይጠፋ ዕቃ ቢኖር መነጽር ነው። ሾፌሩ ሻይ ሊጠጣ ሲወርድ አውልቆ ያኖረዋል። ሲመለስ አንዱ ክንድ ወደ ውጭ ዘምሞ፣ መነጽሩም አፍንጫው ላይ አልቀመጥ ብሎ ይጠብቀዋል። ‹‹ቻይና ምን ይደረግ!›› ይላል። ቻይናን እንኳ ብዙ ጊዜ በከንቱ ነው የምናማው፤ ጥፋቱ ፍሬሙ ከተሠራበት ነገርና ከዳሽቦርዱ ነው።

ሞጆ ቆላ አይደለችም። ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,800 ሜትር ላይ ናት። ሆኖም መስኮቱ ተዘግቶ ፀሐይ ላይ የዋለ መኪና ዳሽቦርድ ከ70 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሊያልፍ ይችላል። ያው ሾፌር ጭኖ ሲወጣ ደግሞ ሙቀቱ ወደሚብስበት ቆላ፣ አዋሽን፣ ሚሌን፣ ጋላፊን አቋርጦ ወደ ጅቡቲ ይወርዳል።

ያ የዘመመው ፍሬም አሲቴት ሳይሆን አይቀርም። ወፈር ያለው፣ ቀለሙ እንደ ኤሊ ጀርባ ዝንጉርጉር የሆነው፣ መነጽር ቤት ገብተን መጀመሪያ የምናነሳው እሱ ነው። ፕላስቲክ እንበለው እንጂ መነሻው ነዳጅ ሳይሆን ከጥጥና ከእንጨት የሚወጣ ሴሉሎስ ነው። እንደ ጣውላ ከወፍራም ሉህ ተቆርጦ ስለሚሠራ ቀለሙ እስከ ውስጡ ይዘልቃል፤ ቢጫርም ተወልውሎ ይታደሳል። ትልቁ ጸጋው ግን ሙቀት ሲነካው መለስለሱ ነው። ባለሙያው በሞቀ አየር አለስልሶ የጆሮዎን ልክ ያስይዘዋል፤ ሲበርድ በያዘው ቅርጽ ይቀራል። ዳሽቦርዱም ይህንኑ ሥራ ይሠራል፣ ልክ ሳይወስድ።

አሲቴት ሌላም ጠላት አለው። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ የሆነው አሴቶን ያሟሟዋል፤ የእጅ ማጽጃ አልኮልም ያደበዝዘዋል። ፀጉሯን ቅቤ የምትቀባ ሴት ክንዶቹን ቶሎ ቶሎ ለብ ባለ ውኃና በሳሙና ማጠብ አለባት፤ ቅባት ሲከርምበት ወዙን ያጣል። (ሌንሱን በነጠላ ጫፍ መጥረግ የሁላችንም ልማድ ነው፤ የሞጆን አቧራ ግን መጀመሪያ ውኃ ካላወረደው ነጠላው አሸዋ ወረቀት ይሆናል።)

ሾፌር ለሆነ ሰው፣ ለልጅም፣ እኔ የምመርጠው ቲአር 90 የሚባለውን ነው። የናይለን ዘመድ ሲሆን፣ ስሙ የመጣው ኢኤምኤስ ከተባለው የስዊዘርላንድ ኩባንያ ምርት ነው። በውኃ ክብደት ልክ ገደማ ስለሆነ ከአሲቴት ይቀልላል፤ ቢታጠፍ ይመለሳል፤ የዳሽቦርድ ሙቀትም በቀላሉ አይረታውም። ለሙቀት እንቢ ያለ ነገር ግን ለባለሙያውም እንቢ ነው። ስለዚህ ሲገዙት በደንብ ይለኩት፤ ያኔ ካልገጠመ በኋላ በማሞቅ እሺ አይልም። ከተሰበረም በሱፐር ግሉ የሚተርፍ አይምሰልዎ።

ብረቶቹ ጋ ስንመጣ ነገሩ ሙቀት መሆኑ ቀርቶ ላብ ይሆናል። ርካሽ የብረት ፍሬም ብዙ ጊዜ ሞኔል ነው፤ ሁለት ሦስተኛው ገደማ ኒኬል፣ የቀረው በአብዛኛው መዳብ። ላይ ላዩን የተቀባው ሲላጥ ላብ ይገባበትና አፍንጫ ላይ በሚያርፉት ጎማዎች ሥር አረንጓዴ ዝገት ይወጣል። ኒኬሉ ደግሞ የማይስማማው ሰው አለ፤ ከጆሮው ኋላና ጉንጩ ላይ እያሳከከ ይቀላል። ምርመራ የማይፈልግ ምልክት አለ፦ ወርቅ ያልሆነ ጉትቻ ስታደርግ ጆሮዋ የሚያመረቅዝባት ሴት ሞኔል ባትገዛ ይሻላታል።

ለእሷ የሚሆነው ታይታኒየም ነው። ከብረት በግማሽ ገደማ ይቀልላል፣ ላብ አያዝገውም፣ ቆዳ አያስቆጣም። የጃፓኗ ሳባኤ ከተማ የፍሬም ባለሙያዎች በ1980ዎቹ (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) ከዚህ አስቸጋሪ ብረት መነጽር መሥራት ለምደው ስም ያተረፉበት ነው። ገበያ ላይ ግን ‹‹ታይታኒየም›› የሚል ጽሑፍ ብቻውን አይበቃም። ክንዱ ብቻ ታይታኒየም ሆኖ ፊቱ ሌላ የሆነ አለ። ማግኔት ያስጠጉ፤ ፊቱን ከሳበው ታይታኒየም አይደለም። ባይስበው ግን ነው ማለት አይደለም፤ ማግኔት የማይስባቸው ሌሎች ብረቶችም አሉና።

ዋጋ ሲጠየቅ የሚረሳው ጥያቄ ደግሞ ይኸው፦ ሲሰበር ማን ይጠግነዋል? ሞኔል ሌንሱ ወልቆ ወርቅ ሠሪ ዘንድ ቢሄድ በብር ተበይዶ ይመለሳል፤ ብየዳው ቢያስቀይመውም ይሠራል። ታይታኒየም ሲግል የአየሩን ኦክስጅንና ናይትሮጅን ስቦ ስለሚሰባበር ብየዳው አርጎን ጋዝ ይፈልጋል፤ ወርቅ ሠሪው ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ አይቶ ይመልሰዋል። ለአስተማሪና ቢሮ ለሚውል ሰው አሲቴት ይሻላል የምለውም በውበቱ አይደለም፤ ሲዘም የሚያቃናው ሰው በቀላሉ ስለሚገኝ ነው።

እንደ ሞጆ ቆዳ ፋብሪካና የኤክስፖርት ቄራ ባለባት ከተማ ስለ ፍሬም አውርቶ ቀንድን መዝለል አይቻልም። ቀንድ እንደ ጥፍራችን ኬራቲን ነው፤ ሲሞቅ ይለሰልሳል፣ ዋንጫና ማበጠሪያ ሠሪዎቻችንም ይህን ከጥንት ያውቃሉ። በ13ኛው መቶ ዘመን ጣሊያን ውስጥ መነጽር ሲጀመር ከፍሬሞቹ አንዱ ቀንድ ነበር። ዛሬም አውሮፓ ውስጥ የጎሽ ቀንድ ፍሬም በውድ ይሸጣል፤ በደረቅ አየር ስለሚሰነጠቅ ግን ቅባት ይፈልጋል፤ ቅቤ ለአሲቴት ጠላት፣ ለቀንድ ወዳጅ።

ማጠፊያው ላይ ያለችው ብሎን ግን ለሁሉም አንድ ናት። ኮሮኮንች ላይ እየተንቀጠቀጠች ትላላለች፣ አንድ ቀንም ጋቢናው ወለል ላይ ትጠፋለች። አጥብቀው ሲያበቁ ጫፏ ላይ ጠብታ የጥፍር ቀለም ያኑሩባት፤ ይይዛታል። ፍሬሙ አሲቴት ከሆነ የፈሰሰውን በአሴቶን አይጥረጉት።