ለካርቡራተር የሚሆነው ማጠቢያ

ደሴ ውስጥ፣ ሆጤ ሠፈር፣ ጠዋት ሞተሩ አልነሣ ያለው ሰው ደጋግሞ ረግጦ ሲደክመው እየገፋ መካኒክ ዘንድ ይወስደዋል። መካኒኩ በካቻቢቴ ካርቡራተሩን ፈትቶ የሥሩን ክዳን ሲከፍት ብዙ ጊዜ የሚያገኘው ጥፍር ላይ የሚጣበቅ ቡናማ ሙጫ ነው። ቤንዚን ለወራት ሲቀመጥ ቀላሉ ክፍል ተንኖ ይህን ይተዋል። በሃይላንድ የተቸረቸረ ከሆነ ደግሞ አቧራና ውሃ ይጨመርበታል።

የተለመደው መፍትሔ ዕቃውን ቤንዚን ውስጥ መንከር ነው። ቤንዚን ማጽዳቱን ያጸዳል። ነገር ግን በየትኛውም የደሴ ብርድ የሚቀጣጠል ትነት አለው፤ ትነቱም ከአየር ስለሚከብድ መሬት ለመሬት ተስቦ ቡና የሚፈላበት ከሰል ድረስ ይሄዳል። ካንሰር እንደሚያመጣ የተረጋገጠ ንጥረ ነገርም አለበት። በባዶ እጅ ቤንዚን ውስጥ ሲያሹ የሚውሉ ወጣቶችን ሳይ ያሳዝነኛል።

ነጭ ጋዝ ይሻላል። ትነቱ ለመቀጣጠል ብዙውን ጊዜ ከ38 ዲግሪ በላይ ሙቀት ይፈልጋል። ሥራው አዝጋሚ ስለሆነ ዕቃው ተነክሮ ቢያድር ጥሩ ነው፤ በማግስቱ የሚቀረውን ቅባት ሙቅ ውሃና ፈሳሽ ሳሙና ያነሣዋል። ከዚያ ወዲያው ማድረቅ ያስፈልጋል።

ቲነርና አሴቶን የደረቀውን ሙጫ ቶሎ ያሟሙታል። ጎማና ፕላስቲክ ግን አይምሩም፤ ጓርኒሲዮኑ ያብጣል፣ ተንሳፋፊው ይበላሻል። ስለዚህ እነዚህ ክፍሎች ወልቀው ብረቱ ብቻ ሲቀር፣ ደጅ ላይ፣ ጓንት ተደርጎ ካልሆነ ፈሳሾቹ አይነኩ። በረኪና ጭራሽ አይሞከር፤ አሉሚኒየሙን ይበላዋል።

ቤንዚን የምታሳልፈውን ትንሿን የነሐስ ጄት ወደ ሰማይ አንሥታችሁ እዩባት። ቀዳዳዋ ከግማሽ ሚሊሜትር ያነሰ ነው፤ ብርሃኑ ክብ ሆኖ ካልታየ አልጸዳችም። ሽቦ ከገባባት ትሰፋለች፤ የሰፋች ቀዳዳ ቤንዚን ታበዛለች። የብሩሽ ፀጉርና የጎሚስታው ኮምፕሬሰር ይበቃታል፤ አየሩ ሲነፋ ግን ዓይን በመነጽር ይሸፈን።

ቤንዚን ሲበዛ የሚወጣው ጥቁር ጭስ ሁሉ ግን የቆሻሻ ምልክት አይደለም። ደሴ ከኮምቦልቻ ከ600 ሜትር በላይ ከፍ ትላለች፤ አየሩ ስለሚሳሳ ታች የተስተካከለ ካርቡራተር እዚህ ላይ ቤንዚን ይበዛበታል። ይህን የሚፈታው ማስተካከል እንጂ ማጠብ አይደለም።

ያገለገለውን ፈሳሽ ቦይ ውስጥ አትድፉት። ቦዩ ቦርከና ይገባል፤ ቦርከና ደግሞ ወደ ኮምቦልቻ ይወርዳል። በጄሪካን አስቀምጡት፤ ዝቃጩ ሲረጋ ከላይ ያለው ለሌላ እጥበት ይሆናል።